ስፖርቱ ምን ያህል ይክበድ? ቦርጭ ቀንሶ ጡንቻ ለማቆየት

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ብቅ ያለ ሰው ሁለት ዓይነት ወጣት ያያል። አንዱ በየቀኑ እስኪያጥወለውለው ድረስ ደረጃውን በሩጫ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሌላው ሁለት ጃኬት ደርቦ፣ አንዳንዴም ሆዱ ላይ ፌስታል ጠምጥሞ፣ ላቡ እስኪንጠባጠብ ሶምሶማ ይሮጣል። ሁለቱም ቦርጭ እንዲጠፋላቸው፣ ደረትና ትከሻ እንዲወጣላቸው ይፈልጋሉ። ችግሩ አንደኛው የስፖርቱን ክብደት የሚለካው በስቃይ፣ ሌላኛው በላብ መሆኑ ነው። ላብ ግን ውኃ ነው። ከሩጫ መልስ ሚዛን ላይ የጎደለው አንድ ኪሎ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ውኃ ሲጠጣበት ይመለሳል።

ይህ ጽሑፍ ከ18 እስከ 30 ዓመት ላሉ ጤነኛ ወጣቶች ነው። ዋናው ነገር እንዲህ ነው፦ ስብ የሚቀንሰው በሳምንቱ ውስጥ በተሠራው ጠቅላላ ሥራና በሚበላው ምግብ ነው። ጡንቻ የሚቆየው ብረት በማንሳት ነው። ትንፋሽ የሚያሳጥር ከባድ ሩጫ ልብን ያጠነክራል፣ ጊዜም ይቆጥባል፤ በሳምንት ከሁለት ቀን ሲያልፍ ግን የብረቱንም የቀላሉንም ሩጫ ጉልበት ይበላል። ስለዚህ ከባዱን በመጠን መያዝ ያስፈልጋል፤ ለመመጠን ደግሞ መለካት።

ከመጀመራችሁ በፊት ለኩ

ሚዛን ብቻውን አይበቃም፤ ስብና ጡንቻን አይለይምና። የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። ጠዋት ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ ምንም ሳትቀምሱ፣ በባዶ ቆዳ ላይ ለኩ። ከጎናችሁ በጣታችሁ የመጨረሻውን የጎድን አጥንት ፈልጉ፤ ከዚያ ወደ ታች ወርዳችሁ የዳሌውን አጥንት የላይኛውን ጫፍ ንኩ። ሜትሩ የሚያልፈው በሁለቱ መካከል ነው፤ እምብርት ላይ መሆን የለበትም። ከኋላ ወደ ታች እንዳይንሸራተት መስታወት ፊት ቁሙ። ሆድ ሳትስቡ ትንፋሻችሁን በቀስታ አውጡና መጨረሻው ላይ አንብቡ። ሁለቴ ለኩ፤ ልዩነቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ሦስተኛ ጨምሩ። ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ከ85 በታች ማለት ነው።

ክብደትን በሳምንት ሦስት ጠዋት ለኩና አማካዩን ጻፉ። ስፖርት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሚዛን ከፍ ሊል ይችላል። ጡንቻ ለጉልበት የሚያስቀምጠው ስኳር፣ ማለትም ግላይኮጅን፣ በእያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ብዙ ሰው «ይባስ ወፈርኩ» ብሎ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ሴቶች የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ውኃ ስለሚይዙ የአሁኑን ሳምንት ካለፈው ሳምንት ጋር ሳይሆን ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ያወዳድሩ።

ጂም ውስጥ የሰውነትን ስብ በመቶኛ የሚያሳየው ሚዛን በእግርና በእጅ ደካማ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ይገምታል። ኤሌክትሪኩ በውኃ ውስጥ በቀላሉ ስለሚያልፍ ውኃ የጠጣና ያልጠጣ ሰው የተለያየ ቁጥር ያገኛል። በተመሳሳይ ሰዓትና ሁኔታ፣ በወር አንዴ ተለኩበት፤ አቅጣጫውን ተመልከቱ እንጂ በአንድ ቀን ቁጥር አትደሰቱ፣ አትዘኑም።

ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ የቱ ነው?

ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ቁጠሩ። ጠቋሚና የመካከለኛ ጣታችሁን ከአውራ ጣት በታች የእጅ አንጓ ላይ አድርጋችሁ 60 ሴኮንድ ሙሉ ቁጠሩ። በአውራ ጣት አትቁጠሩ፤ የራሱ ምት ስላለው ያደናግራል። የሦስት ጠዋት አማካይ ውሰዱ። ከፍተኛውን ምት ለመገመት ዕድሜያችሁን በ0.7 አባዝታችሁ ከ208 ላይ ቀንሱ። ብዙ ሰው የሚያውቀው 220 ላይ ዕድሜን መቀነስ ነው፤ ወጣት ላይ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱም ግምት ናቸውና ከሰው ሰው በ10 ምትና ከዚያም በላይ ይሳሳታሉ።

የ22 ዓመት፣ ጠዋት ምቱ 66 የሆነ ወጣት እንውሰድ። ከፍተኛው ወደ 193 ይጠጋል። ከ193 ላይ 66 ሲቀነስ 127 ይቀራል፤ ልቡ ከእረፍት በላይ ያላት ቦታ ይህ ነው። መካከለኛ ስፖርት የዚህን ቦታ ከ40 እስከ 59 በመቶ ይወስዳል፤ 66 ሲደመርበት ከ117 እስከ 141 ምት ማለት ነው። ከባድ የሚባለው ከ60 በመቶ ይጀምራል፤ ለእሱ ከ142 በላይ። ከ89 በመቶ፣ ማለትም ከ179 በላይ፣ ለደቂቃዎች ብቻ የሚቆዩበት ጣሪያ ነው።

ምት የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ከሌላችሁ ትንፋሽ ይበቃል። ከጓደኛ ጋር እየሮጣችሁ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ መካከለኛ ላይ ናችሁ። ሦስት አራት ቃል ተናግራችሁ አየር ለመሳብ የምታቋርጡ ከሆነ ከባድ ላይ ገብታችኋል። በእጅ ስትቆጥሩ ቆም እንዳላችሁ ወዲያው 10 ሴኮንድ ቆጥራችሁ በ6 አባዙ፤ የወጣት ልብ ፈጥኖ ስለሚወርድ አንድ ደቂቃ የቆጠረ ሰው የሚያገኘው የሩጫውን ሳይሆን የእረፍቱን ምት ነው። የእጅ ሰዓትም በአጭር ከባድ ሩጫ ላይ ወደ ኋላ ይዘገያል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣ ወጣት እዚያ በለመደው ፍጥነት ቢሮጥ ልቡ ቶሎ ጣሪያ ይነካል፤ ምክንያቱም በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። የመጀመሪያውን ሳምንት ከባዱን ትታችሁ በምትና በትንፋሽ ሂዱ፤ ኪሎ ሜትሩን እርሱት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሙቀቱ ወራት የሚሠሩም ተመሳሳይ ነገር በሌላ ምክንያት ያጋጥማቸዋል፤ ሰውነት ለመቀዝቀዝ ደም ወደ ቆዳ ስለሚልክ ፍጥነቱ ሳይጨምር ምቱ ይወጣል። በዚያ ወቅት ከባዱ ሩጫ ቤት ውስጥ ትሬድሚል ላይ ይሁን።

የትኛው ስብ ይቀንሳል?

ትሬድሚል ላይ «ስብ የሚቃጠልበት» ተብሎ የተሳለው መስመር ሙሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ያሳስታል። በቀስታ ስትሄዱ ከሚቃጠለው ውስጥ የስብ ድርሻ ከፍ ይላል። ድርሻው ከፍ ቢልም ጠቅላላው ትንሽ ነው። 70 ኪሎ የሆነ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እየተራመደ አንድ ሰዓት ቢሄድ ወደ 245 ካሎሪ ያቃጥላል። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ለግማሽ ሰዓት ቢሮጥ ወደ 290። በሩጫው ሰዓት ስኳር የበለጠ ቢቃጠልም ሰውነት በቀሪው ቀን ያካክሰዋል፤ የሚቆጠረው የሃያ አራት ሰዓቱ ሒሳብ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ስለዚህ የአንድ ሰዓት እርምጃ፣ በምግብ ካልተመለሰ፣ ወደ 30 ግራም ስብ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በየሳምንቱ አምስት ቀን፣ ለሦስት ወር ሲሆን ግን ሁለት ኪሎ ይጠጋል።

ከከባድ ስፖርት በኋላ ሰውነት ለሰዓታት ማቃጠሉን ይቀጥላል የሚባለው እውነት ነው፤ መጠኑ ግን ይጋነናል። በአብዛኛው ስፖርቱ ራሱ ካቃጠለው ከ6 እስከ 15 በመቶ ነው። ለ290ው ካሎሪ ሩጫ ቢበዛ 40 ገደማ ይጨምራል፤ የግማሽ ሙዝ ያህል እንኳ አይሆንም።

ከባድና ቀላል እያፈራረቁ የሚሠሩትን፣ በአንድ ወጥ መካከለኛ ፍጥነት ከሚሠሩት ጋር ያወዳደሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ የስብ መቀነሱ ተቀራራቢ ነው። የከባዱ ጥቅም ያንኑ ውጤት ባነሰ ጊዜ ማምጣቱና የልብና የሳንባን አቅም የበለጠ ማሳደጉ ነው። ዘወትር ስሟ ስለሚነሳው «ታባታ» አንድ ነገር መታረም አለበት። ጃፓናዊው ኢዙሚ ታባታና ባልደረቦቻቸው በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ወጣቶች ብስክሌት ላይ ተቀምጠው 20 ሴኮንድ የኦክስጅን ጣሪያቸውን በ70 በመቶ በሚበልጥ ጉልበት እየገፉ፣ 10 ሴኮንድ እያረፉ፣ 7 ወይም 8 ዙር ይሠሩ ነበር። የተለካው የትንፋሽና የጉልበት አቅም ነው፤ የሆድ ስብ አይደለም። ሳሎን ውስጥ ለአራት ደቂቃ መዝለል ጥሩ ነገር ነው፤ ቦርጭ ያቀልጣል ብሎ መጠበቅ ግን ተስፋ ያስቆርጣል።

ሲት አፕም እንዲሁ። የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል እንጂ ከላዩ ያለውን ስብ መርጦ አያወጣም። ስብ ከየት ቀድሞ እንደሚለቅ የሚወስኑት ዘርና ጾታ ናቸው።

የማይታየው ኪሳራ ሌላ ነው። ጠዋት ራሱን የጨረሰ ወጣት ቀኑን ሙሉ ይጋደማል፣ በእግሩ ይሄድ የነበረውን አንድ ፌርማታ በታክሲ ይሄዳል፣ ማታ ደግሞ «ዛሬማ ሠርቻለሁ» ብሎ እጥፍ ይበላል። የተቃጠለው በዚህ ይመለሳል። የስልካችሁን የእርምጃ ቁጥር ከባድ በሠራችሁበትና ባልሠራችሁበት ቀን አስተያዩ፤ ከባዱ ቀን በብዙ ሺህ እርምጃ ካነሰ ከባዱ ከልኩ አልፏል።

ሳምንቱ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ነው። ለጀማሪ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከባድ ሩጫ አይኑርባቸው። ሰኞና ሐሙስ ብረት፣ ማክሰኞና ረቡዕ ለ40 ደቂቃ ማውራት በሚያስችል ፍጥነት፣ ቅዳሜ 60 ደቂቃ በዚያው ፍጥነት፣ ዓርብና እሑድ እረፍት። ልብና ሳንባ በሳምንታት ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ይዘገያሉ። በሁለተኛው ሳምንት ትንፋሻቸው ስለተሻለ ብቻ ፍጥነት የጨመሩ ሰዎች ቅልጥማቸውን የሚያማቸው ለዚህ ነው።

በ4ኛው ሳምንት የረቡዕን ሩጫ በከባድ ተኩ። በ7ኛው፣ እንቅልፋችሁና የብረት ቁጥራችሁ ካልቀነሰ፣ ሁለተኛውን ቅዳሜ ላይ ጨምራችሁ የ60 ደቂቃውን ወደ እሑድ አዙሩ። ዓርብ አይነካ። ሦስተኛ ከባድ ቀን አትጨምሩ።

ከባዱ ቀን ይህን ይመስላል። 10 ደቂቃ በዝግታ ሰውነት አሟሙቁ፤ መጨረሻው ላይ ሦስት ጊዜ 15 ሴኮንድ ፈጠን በሉ። ከዚያ 4 ደቂቃ ጠንካራ፣ 3 ደቂቃ ዝግ ያለ ሶምሶማ ወይም እርምጃ፤ ጠንካራው አራት ጊዜ ይደገም። በመጨረሻ 5 ደቂቃ ተራመዱ። ሁሉም 40 ደቂቃ ይሆናል። የጠንካራው ልክ ከከፍተኛው ምት ከ85 እስከ 95 በመቶ ነው፤ ለ22 ዓመቱ ወጣት ከ164 እስከ 183። በመጀመሪያው ደቂቃ ምቱ ገና አልወጣም፤ ቁጥሩን ለማምጣት ብላችሁ አትፈትለኩ። ሁለተኛው ደቂቃ ሲያልቅ ትንፋሽ ሊከብድ ይገባል፤ አራተኛው ላይ አንድ ደቂቃ ቢጨመር እንደምትችሉት ሊሰማችሁ ይገባል። የመጀመሪያውን ዙር የጨረሳችሁበትን የመብራት እንጨት ልብ በሉ። አራተኛው ዙር እዚያ ካልደረሰ የመጀመሪያው በዝቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከመነሻው ቀንሱ።

ለስለስ ያለ ዳገት ካለ ተመራጭ ነው፤ በዝቅተኛ ፍጥነት ልብን ከፍ ያደርጋል፣ እግር መሬት የሚመታበት ኃይልም ያንሳል። ስትወርዱ ተራመዱ። አራት ደቂቃ የሚከብዳቸው በ1 ደቂቃ ጠንካራና በ2 ደቂቃ እርምጃ፣ ስድስት ዙር ይጀምሩ። ገመድ መዝለልም ይሆናል።

ብረት ላይ ክብደት ማለት ሌላ ነው

እዚህ የሚቆጠረው የልብ ምት አይደለም፤ ጡንቻው ለመዛል ምን ያህል ቀረበ የሚለው ነው። በአንድ ቀን አምስት እንቅስቃሴ ይበቃል፦ ስኳት፣ ፑሽ አፕ፣ ክብደትን ወደ ሰውነት መጎተት፣ ከወገብ አጎንብሶ ከመሬት ማንሳት፣ ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት። እያንዳንዱ ሦስት ዙር፣ በዙር ከ8 እስከ 12። በዙሮች መካከል 2 ደቂቃ ዕረፉ። ማቆሚያው ከአንድ እስከ ሦስት ጊዜ ብቻ ማንሳት ሲቀራችሁ ነው። ምልክቱ ፍጥነት ነው፤ በሙሉ ኃይል እየገፋችሁ 9ኛው ወይም 10ኛው ከቀደሙት በግልጽ ከዘገየ ደርሳችኋል። 12 ላይ ሁሉም በአንድ ፍጥነት ከሄዱ ክብደቱ ቀሏል። በሦስቱም ዙር 12 ከሞላ በሚቀጥለው 2.5 ኪሎ ጨምሩ።

ጂም መግቢያ ለሌለው ጀሪካን አለ። ባለ 5 ሊትሩ ሲሞላ 5 ኪሎ፣ ባለ 20ው 20 ኪሎ ነው፤ ውኃው በግማሽ ሲሆን ስለሚንቦጫረቅ እስከ አፉ ሙሉት ወይም በአሸዋ ተኩት፤ በአሸዋ ሲሆን ይበልጥ ይከብዳልና መዝናችሁ ያዙ። ክብደቱ ቀለል ቢልም ጡንቻው እስከሚዝልበት ድረስ ከተደጋገመ ያድጋል፤ ይህ በጥናት በደንብ የተረጋገጠ ነው።

ትልቁ ስሕተት ዕረፍቱን ሰርዞ ብረቱን ወደ ሩጫ መቀየር ነው። ላብ ይበዛል፣ ልብ ይመታል፤ ጡንቻው ግን ትንፋሽ ስላለቀ ይቆማል እንጂ አልዛለም። ሴቶች ብረት ወንድ ያስመስለኛል ብለው መፍራት የለባቸውም፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን በሴት ሰውነት ውስጥ ከወንድ በብዙ እጥፍ ያንሳል። ሲከሱ ጡንቻ እንዳይሄድ የሚያደርገው ይኸው ብረት ነው።

ማዕዱ

ለመክሳት በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ መቀነስ ይበቃል። 70 ኪሎ የሆነ ሰው በሳምንት ከ350 እስከ 700 ግራም ቢቀንስ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ሲፈጥን ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። የመጀመሪያው መቀነሻ ዘይት ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ አለው፣ ወጥ ላይ ደግሞ ሳይቆጠር ይፈስሳል።

ፕሮቲን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም፣ ለ70 ኪሎ 112 ግራም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ወደ 25፣ 200 ግራም የበሰለ ምስር ወደ 18፣ 50 ግራም የሽሮ ዱቄት ወደ 10፣ አንድ እፍኝ ለውዝ 7 ይሰጣል። በዐቢይ ጾም 112 መሙላት ይከብዳል። ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ ለውዙን አብዙ፤ የካሎሪ ቅነሳውን አሳንሱ፤ ከባዱን ሩጫ ወደ አንድ ቀን አውርዱና ከምግብ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይታችሁ ሥሩት። ብረቱን ግን አትተዉ። በረመዳን ቀላሉ እርምጃ ከኢፍጣር በፊት፣ ብረቱና ከባዱ ከኢፍጣር ሁለት ሰዓት በኋላ ይመቻል።

መቆም ያለበት ጊዜ

የጠዋት ምት ለተከታታይ ቀናት ከተለመደው በ8 ወይም በ10 ከፍ ካለ፣ እንቅልፍ ከተበጠበጠና ብረቱ ከከበደ ለአንድ ሳምንት ከባዱን ተዉት። የወር አበባ ሦስት ወር ከቀረ ምግቡ ለስፖርቱ አልበቃም ማለት ሊሆን ስለሚችል የካሎሪ ቅነሳውን አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ አጥንትም አብሮ ይጎዳል። ባልለመዱት ከባድ ሥራ ማግስት ጡንቻው አብጦ ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን እያስጨነቀ ነው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል። ስትሮጡ ደረት የሚያማችሁ ወይም ራሳችሁን የምትስቱ፣ ወይም ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ያለ ከሆነ ከባዱን ከመጀመራችሁ በፊት ልባችሁን ተመርመሩ።

ከአራት ሳምንት በኋላ

ሜትሩን መልሳችሁ አውጡ። ክብደቱ ባይቀየርም ወገብ 2 ሴንቲ ሜትር ከቀነሰና ብረቱ ከጨመረ ስብ ወጥቶ ጡንቻ ገብቷል፤ ምንም አትቀይሩ። ክብደት እየወረደ ከብረቱ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ማንሳት ከጎደለ ምግብ ጨምሩ። ወገብም ክብደትም ካልተነቃነቁ በየቀኑ 20 ደቂቃ እርምጃ ጨምሩ ወይም ከማዕዱ 200 ካሎሪ ቀንሱ፤ ከባዱን አትንኩ።

በ12ኛው ሳምንት የጠዋት ምቱን እንደገና ቁጠሩ። የዚያ ወጣት ምት ከ66 ወደ 60 ወርዶ ከሆነ ልቡ ያላት ቦታ 133 ሆኗል፤ መካከለኛው ከ113 እስከ 138፣ ከባዱ ከ140 ጀምሮ ነው። የድሮው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ከእንግዲህ አያገለግልም።